ወንድሜ ቲቢ ተገኘበት፤ ከቤተሰቡ ማንን የበለጠ ያሰጋል?

ጥያቄው፦ «የምጽፈው ከጅማ ነው። አብሮን የሚኖረው የ27 ዓመት ወንድሜ ከሁለት ወር በላይ ሲያስለው ቆይቶ በአክታ ምርመራ የሳንባ ቲቢ ተገኝቶበታል፤ ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ጀምሯል። በቤቱ ውስጥ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አንድ ዓመት ከስድስት ወር የሆነው ልጄ እና የስኳር ሕመም ያለባት እናቴ አለን። ልጄ ሲወለድ ተከትቧል፤ አሁንም ይጠባል። ባለቤቴ የሚሠራው ቡና ማበጠሪያ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ከወንድሜ ጋር ጫት ይቅማሉ። እናቴ የክረምቱ ብርድ ሳንባውን መታው ትላለች። ጎረቤቶች ደግሞ አያታችንም በዚሁ በሽታ ስለሞቱ በዘራችሁ ያለ ነው ይሉናል። ሳህኑንና ብርጭቆውን ለይቼለታለሁ። እኔ ከሁሉም በላይ የምሰጋው ለባለቤቴ ነው፤ አቧራው በዝቶበታል። በእርግጥ የሚያሰጋው ማንን ነው? ምንስ ላድርግ?»

ከስጋትዎ ቅደም ተከተል እጀምራለሁ፤ ተገልብጧልና። በቤትዎ ውስጥ አስቀድሞ ሊታሰብለት የሚገባው ሕፃኑ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ እናትዎ። ባለቤትዎ በሦስተኛ ደረጃ ይመጣሉ፤ እሳቸውን የሚያሰጋቸውም የመጋዘኑ አቧራ ሳይሆን ቅዳሜና እሁድ የሚቀመጡበት ክፍል ነው። እርስዎም ከምርመራው ውጭ አይደሉም።

ይህ ቅደም ተከተል ከየት እንደመጣ ለመረዳት ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ባክቴሪያው ወደ ማን ሰውነት ገባ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ከገባባቸው ሰዎች መካከል ማን ይታመማል የሚለው ነው። የመጀመሪያውን በአብዛኛው የሚወስነው አብሮ የተተነፈሰው አየር ነው፤ ሁለተኛውን የሚወስነው የሰውየው የመከላከል አቅም ነው። ሰዎች ስለ ቲቢ ሲያወሩ ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚደባልቋቸው፣ መፍራት የማይገባቸውን ፈርተው መጠንቀቅ የሚገባቸውን ይዘነጋሉ።

የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲስቅ ወይም ጮክ ብሎ ሲያወራ ባክቴሪያውን የያዙ፣ በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች ይወጣሉ። እጅግ ቀላል ስለሆኑ ቶሎ መሬት ላይ አያርፉም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ሊንሳፈፉ ይችላሉ። አብሮ የሚቀመጠው ሰው ይስባቸዋል። በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ሮበርት ኮህ ለዓለም ያሳወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 ነው፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ብርድን እንከሳለን። ብርድ ቲቢ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ በሞቃታማዎቹ በአፋርና በጋምቤላ በሽታው ባልኖረ ነበር፤ አለ፣ ያውም በብዛት። እናትዎ ክረምቱን መጠርጠራቸው ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ መስኮት ይዘጋል፣ በር ይዘጋል፣ ቤተሰቡ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ያመሻል። አየሩ ሳይለወጥ ይቆያል ማለት ነው። ጥፋቱ የቅዝቃዜው ሳይሆን የመስኮቱ መዘጋት ነው።

በዘር የመጣም አይደለም። አያትዎና ወንድምዎ መታመማቸው ደማችሁ ውስጥ ያለ ነገር መኖሩን አያሳይም። ቲቢ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገመው ቤተሰብ አንድ ጣሪያ ስር የሚያድር፣ ብዙ ጊዜም አንድ ዓይነት ችግር የሚጋራ በመሆኑ ነው። የበሽታ መከላከል አቅም ከሰው ሰው በተፈጥሮ መጠነኛ ልዩነት ይኖረዋል፤ ይህ ግን «በዘራችሁ ያለ ነው» የሚያሰኝ አይደለም። ጎረቤቶችዎ ይህን ሲናገሩ የሚጎዱት ወንድምዎን ብቻ አይደለም፤ ነገ ሳል ሲጀምራቸው ስም ፈርተው ቤታቸው የሚደበቁ ሌሎች ሰዎችንም ነው።

ሳህኑንና ብርጭቆውን ወደ ቦታቸው ይመልሱ። ቲቢ በሳህን፣ በብርጭቆ፣ በልብስ፣ በመጨባበጥ ወይም ከአንድ ትሪ በመብላት አይተላለፍም። ዕቃ መለየቱ ማንንም አይጠብቅም፤ በሽተኛውን ግን ያሸማቅቀዋል። የተሸማቀቀ ሰው ደግሞ ኪኒኑን ደብቆ ይውጣል፣ ከዚያም ይዘላል፣ ከዚያም ያቋርጣል። በተጨማሪም አንድ መራራ እውነት አለ፦ ቤተሰቡ በብዛት የተጋለጠው ወንድምዎ ሳይመረመር ባሳለ በነዚያ ሁለት ወራት ነው። ባክቴሪያው ለመድኃኒቱ የማይበገር ካልሆነና መድኃኒቱን በትክክል ከወሰደ፣ የማስተላለፍ አቅሙ በቀናት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እጅግ ዝቅ ይላል። እስከዚያው ለብቻው ቢተኛ፣ ከሰው ጋር ሲሆን አፍና አፍንጫውን በማስክ ቢሸፍን፣ መስኮቱም ክፍት ቢሆን ጥሩ ነው። ካለፉት ሁለት ወራት የቀረውን ስጋት የሚያስወግደው ግን ዕቃ መለየት አይደለም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሂድ። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ባክቴሪያው እንደገባበት ይገመታል። አብዛኛው ሰው አይታመምም፤ ሰውነቱ ባክቴሪያውን ከብቦ ይይዘዋል። አመድ እንደለበሰ ፍም ተዳፍኖ ይቀመጣል፤ ሰውየው አያስልም፣ ወደ ሌላም አያስተላልፍም። በዕድሜ ዘመናቸው ወደ በሽታ የሚሸጋገሩት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ናቸው። ይህ አሃዝ ግን አማካይ ነው። በእናንተ ቤት ሁለት ነገሮች ከአማካዩ ያወጧችኋል፦ መጋለጡ የቅርብ ጊዜ ነው፤ ከታመሙት ብዙዎቹ የሚታመሙት ደግሞ ባክቴሪያው በገባባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ በቤቱ ውስጥ የመከላከል አቅማቸው ዝቅ ያለ ሰዎች አሉ።

ከእነዚህም የመጀመሪያው ልጅዎ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ፣ በተለይም ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ባክቴሪያውን ከብቦ የመያዝ አቅማቸው ገና አልጠነከረም። ባክቴሪያው የገባባቸውና መከላከያ መድኃኒት ያልወሰዱ ከአምስት ዓመት በታች ልጆች በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ይታመማል። በሽታውም በሳንባ ብቻ አይወሰንም፤ በደም ተሰራጭቶ ወደ አንጎል ሽፋን ሊደርስና የማጅራት ገትር በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ይህ ሕፃን የሚገድል ወይም የዕድሜ ልክ ጉዳት የሚያደርስ ነው። ሲወለድ የተሰጠው የቢሲጂ ክትባት በዋነኛነት የሚከላከለው እነዚህን ከባድ ዓይነቶች ነው፤ እሱንም ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ «ተከትቧል» የሚለው መጽናኛ እንጂ ዋስትና አይደለም።

የሕፃን ቲቢ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚያልፈው የአዋቂን ስለማይመስል ነው። ደም የቀላቀለ አክታ አይተፋም፤ አክታ መትፋትም አይችልም። የእድገት መከታተያ ካርዱን አውጥተው ይመልከቱ። ክብደቱ በየወሩ ሽቅብ ሲሄድ ቆይቶ ባለፉት ሁለት ወይም ሦስት ወራት መስመሩ ቀጥ ብሎ ከተኛ ወይም ወደ ታች ካዘነበለ፣ ይህ ከሳል ባልተናነሰ ትርጉም ያለው ምልክት ነው። ጨዋታ መተው፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ አንገት ላይ የወጣ ንፍፊትም እንዲሁ። ማጥባቱን አያቋርጡ፤ ቲቢ በእናት ጡት ወተት አይተላለፍም፤ ጡት ማጥባት ለእሱ ጥቅም ነው።

የእናትዎ ጉዳይ የስኳር ሕመማቸው ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በቲቢ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ ስኳሩ በቁጥጥር ስር ካልዋለ ደግሞ ይብሳል። በአገራችን ይህ ግንኙነት የሚገባውን ትኩረት አግኝቷል ብዬ አላምንም። የስኳር ክትትል የሚያደርግ ታካሚ ሲያስል ጉንፋን ይባላል፣ ክብደቱ ሲቀንስ ስኳሩ ነው ይባላል፤ ወራት ያልፋሉ። እናትዎ በቅርቡ ክብደት ከቀነሱ፣ ሌሊት ልብሳቸውን የሚያርስ ላብ ካላቸው ወይም ካሳሉ ለሚከታተላቸው ሐኪም በቤታችን ቲቢ አለ ብለው ይንገሩ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የምርመራውን አቅጣጫ ትለውጣለች።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። ኤችአይቪ ከሁሉም የበለጠ ኃይለኛ አጋላጭ ነው፤ በደሙ ውስጥ ያለበት ሰው በቲቢ የመታመም ዕድሉ ከሌለበት ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ይህን በብዙ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ለወንድምዎ ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሰዎች ሁሉ ምርመራው ይደረግ፤ ማንንም መጠርጠር አይደለም። የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ፣ ካንሰር ያለባቸው፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎችም በዚሁ ረድፍ ናቸው። ፕሬድኒሶሎንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ለመወፈር የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ በእናንተ ቤት ካለ ይቁም ከማለቴ በፊት ሐኪም ያማክሩ እላለሁ፣ በድንገት ማቋረጡም አደጋ አለውና።

ስለ ምግብ ግን ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። የምግብ እጥረት የመከላከል አቅምን እንደሚያዳክም ድሮም ይታወቅ ነበር፤ በቅርቡ የተገኘው ማስረጃ ግን ከዚያ የላቀ ነው። በሕንድ ጃርክሃንድ ግዛት የተካሄደና በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ የሆነ ጥናት ከ10 ሺህ በላይ የሚሆኑ የቲቢ ታማሚዎች የቤተሰብ አባላትን ተከታትሏል። ለቤተሰቡ ለወራት ሩዝና ጥራጥሬን የመሰለ ተራ ቀለብ በተሰጠበት ወገን አዳዲስ የቲቢ ሕሙማን ቁጥር ካልተሰጠው ወገን ጋር ሲነጻጸር በ39 በመቶ ቀነሰ፤ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው ቲቢ ብቻ ሲታይ ደግሞ በ48 በመቶ። ይህን ያደረገው ውድ መድኃኒት አይደለም። በእናንተ ቤት ይህ ማለት ሽሮ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ አቮካዶ ነው፤ ወንድምዎ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ይብላ። ወተት አፍልታችሁ ጠጡ፤ ጥሬ ወተት የከብት ቲቢን ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ምንም እንኳ በኢትዮጵያ አንገት ላይ የሚወጣውን ንፍፊት ጭምር በአብዛኛው የሚያስከትለው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ባክቴሪያ ቢሆንም።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። የቡና ገለባ አቧራ ቲቢ አያመጣም። መተንፈሻን ያስቆጣል፣ ያስላል፣ አስም ያለበትን ያባብሳል፤ አፍንጫን መሸፈን ለዚህ ይጠቅማል። ለቲቢ በእርግጥ የሚያጋልጠው የአቧራ ዓይነት ሲሊካ የሚባለው ነው፤ ድንጋይ በሚፈልጡ፣ በሚፈጩና በማዕድን ቁፋሮ በሚሠሩ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ተከማችቶ ጠባሳ የሚፈጥር። የቡና መጋዘን ውስጥ ያለው እሱ አይደለም። የመጋዘኑ አደጋ ሌላ ነው፦ ባለቤትዎ ሲያስሉ ሁሉም ሰው፣ እሳቸውም ጭምር፣ አቧራው ነው ብሎ ያልፈዋል። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው አቧራ ይሁን አይሁን የሚወስነው የአክታ ምርመራ ነው።

የጫቱ ክፍል ግን በእርግጥ ያሳስበኛል። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፦ ከምሳ በኋላ ፍራሽ ይዘረጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ በር ይዘጋል፣ እጣን ይጨሳል፤ አምስት ወይም ስድስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ እስከ ማምሻ ይቀመጣል፣ ያወራል፣ ያጨሳል። ሳያውቅ የሚያስል አንድ ሰው በመካከላቸው ካለ፣ ለባክቴሪያው ከዚህ የተመቸ ቦታ ማሰብ ይከብዳል። ጫቱ ራሱ ቲቢ ያመጣል አልልም። የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ክብደት ያስቀንሳል፣ ሲጋራና ሺሻንም ይጠራል። ማጨስ ደግሞ በራሱ በቲቢ የመታመምን ዕድል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ምሽት ላይ ምርቃናውን ለመስበር አረቄ ከተከተለ ሌላ ይጨመራል፤ ብዙ መጠጣት ዕድሉን ወደ ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል። ባለቤትዎ ወንድምዎ ሲያስል በነበረባቸው በእነዚያ ሁለት ወራት አብረው ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ ባክቴሪያው ገብቶባቸው ሊሆን ይችላል ብዬ ነው የምነሳው። በዚያ ክፍል የነበሩ ጓደኞቻቸውም ተነግሯቸው ይመርመሩ። መንገር ይከብዳል፤ አለመንገር ግን የባሰ ጥፋት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ከሚያስቡት የተሻለ ነው። ሁላችሁም ትመረመራላችሁ። ምልክት ያለበት ሰው አክታው ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ ይታያል፣ እንደ ሁኔታው ራጅ ይነሳል፤ ከታመመ የስድስት ወር ሕክምና ይጀምራል። ምንም ሕመም የሌለበት ደግሞ በሽታው እንዳይነሳበት መከላከያ መድኃኒት ይወስዳል። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው፤ ቲቢን ሳይታመሙ በኪኒን ማስቀረት ይቻላል። አንደኛው አማራጭ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለ12 ሳምንት የሚወሰድ ነው፤ ሌላው አይሶናያዚድ የተባለው ኪኒን በየቀኑ ለ6 ወር ነው፤ ለሕፃናት በውኃ የሚሟሟ ኪኒን በየቀኑ ለ3 ወር የሚሰጥበት መንገድም አለ። የትኛው ለማን እንደሚሆን ዕድሜን፣ እርግዝናንና ሌሎች መድኃኒቶችን አይቶ የሚወስነው ባለሙያው ነው። ለሕፃን ልጅዎ ባክቴሪያው ገብቶበት እንደሆነ የሚያሳየው የቆዳ ምርመራ እስኪደረግለት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የታመመ አለመሆኑ ከተረጋገጠ ወዲያውኑ መጀመር ይችላል። የቆዳው ምርመራም ቢሆን ባክቴሪያው ከገባ በኋላ ለማሳየት እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ ነገ ማን እንደሚታመምም አይናገርም።

መድኃኒቱ ገደብ አለው። ዕድሉን በብዙ ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አያደርገውም፤ በኋላ ከሌላ ሰው እንደገና ከመያዝም አይጠብቅም። የወንድምዎ ምርመራ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋም መሆኑን ካሳየ የተለመደው መከላከያ አይሠራም፤ ሌላ መንገድ ይመረጣል። ስለዚህ ውጤቱን ይዛችሁ ሂዱ።

ጥንቃቄዎቹን በቁም ነገር ይውሰዱ። የወንድምዎን ኪኒን ለማንም አያካፍሉ፤ ሳይመረመር መከላከያ የሚጀምር የታመመ ሰው ባክቴሪያውን መድኃኒት ያስለምደዋል። በሳምንት አንዴ የሚወሰደው መድኃኒት በክንድ የሚቀበረውንና በአፍ የሚወሰደውን የእርግዝና መከላከያ ያዳክማል፤ የሚጠቀሙ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ። እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለውን የስኳር ኪኒንም ኃይል ይቀንሳል፤ የእናትዎ ስኳር በእነዚያ ሳምንታት ደጋግሞ ይለካ። ሽንት ቀላ ብሎ ብርቱካናማ ቢመስል አትደንግጡ፤ ከመድኃኒቱ ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ማቅለሽለሹ ካልቆመ ወይም በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከተሰማ ግን መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ ጉበት ሊሆን ይችላል። ለዚህም ሲባል ባለቤትዎ መድኃኒቱን በሚወስዱባቸው ወራት አረቄም ጫትም ቢተዉ እመክራለሁ፤ ሁለቱም ጉበትን ይጎዳሉ።

ምክሬ ይህ ነው፦ በዚህ ሳምንት አራታችሁም፣ ሕፃኑን አስቀድማችሁ፣ ወንድምዎ መድኃኒት ወደሚወስድበት ጤና ጣቢያ ሂዱ። የወንድምዎን ካርድና የምርመራ ውጤት፣ የልጁን የእድገት ካርድ፣ የእናትዎን የስኳር መድኃኒቶች ይዛችሁ «የቤተሰብ ምርመራና የመከላከያ መድኃኒት እንፈልጋለን» በሉ። ሳይጠየቁ የሚናገሩ ቤተሰቦች ቶሎ ይስተናገዳሉ፤ ብዙ ቦታ የታማሚው ቤተሰብ ቁጥር ካርድ ላይ ተጽፎ ማንም ሳይጠራ ይቀራልና። የቲቢ ምርመራና መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። የሕፃኑ ምርመራ ካስቸገራቸው ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እንዲልኳችሁ ጠይቁ። ልጁ ትኩሳት ኖሮት ከወትሮው በላይ ከተኛ፣ ካስመለሰው፣ ከተነጫነጨና ዓይኑ ከፈዘዘ ግን የጤና ጣቢያ ወረፋ አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ሁላችሁም ዛሬ ነፃ ብትባሉ እንኳ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ምክንያት የሌለው መክሳት የታየበት ሰው ተመልሶ ይመርመር፤ ሲመረመርም «ቤታችን ቲቢ ነበር» ይበል።